ትንፋሽ ያለበት መኪና

በእኛ ከተማ መንዳትን ማንም ሰው በሁለት ወር ይማረዋል። ማቆምን ሳይማሩ የሞቱ ግን ብዙ ናቸው። እኔም በዚህ ዕድሜዬ ገና ጀማሪ ነኝና፣ የምነግራችሁን አውቆ ነው ብላችሁ ሳይሆን አይቶ ነው ብላችሁ ስሙኝ።

ያየሁት አንድ እሁድ ጠዋት በደወል ጎዳና ዳር፣ የሚስቴ እህት መኪና ውስጥ ተቀምጬ ነው። ለምን እንደተቀመጥኩ ከመናገሬ በፊት ሕጉን ላስረዳ። ሕጉ ካልገባችሁ የምነግራችሁ ሰው፣ ዘርጋው፣ አያሳዝናችሁም። ዘርጋው ካላሳዘናችሁ ደግሞ እኔ ይኸን ሁሉ ጊዜ የተቃጠልኩት በከንቱ ነው።

ከተማችን የማቆሚያ ሹመት ቤት አላት። የሹመት ቤቱ እምነት እንዲህ ነው፦ መንገድ ዳር የቆመ ባዶ መኪና ዕቃ ነው፤ ዕቃ ደግሞ መንገድ ላይ አይከማችም። ውስጡ የሚተነፍስ ሰው ያለበት መኪና ግን እንግዳ ነው፤ እንግዳ ከደጅ አይባረርም። ስለዚህ ባዶው ይከፍላል፣ ሰው ያለበት አይከፍልም። ክፍያውም «የባዶነት ዋጋ» ይባላል። ጠዋት ርካሽ ነው፤ እየቆየ ይወደዳል፤ ሹሞቹ እንደሚሉት ባዶነት እየቆየ ይብሳል። ጥላ ያለበት ዳር ከፀሐያማው ዳር ይወደዳል፤ ከሰዓት በኋላ ጥላው ወደ ማዶ ሲሻገር ዋጋውም አብሮት ይሻገራል።

የሚከፈለው በሹመት ቤቱ መስኮት ብቻ ነው። በሹመት ቤቱ ዙሪያ ደግሞ ባዶ መኪና ማቆም ክልክል ነው። እናም የባዶነትን ዋጋ ሊከፍል የሚሄድ ሰው መኪናው ውስጥ ሌላ ሰው አስቀምጦ ይገባል። መስኮቱ ጋ ሲደርስ «መኪናህ ውስጥ ሰው አለ?» ይሉታል። «አለ» ይላል። «እንግዲያማ ምን ልትከፍል መጣህ?» ብለው ይመልሱታል። ወንድሜ እንዲህ ተብሎ የተመለሰ ዕለት አመሻሹ ላይ «ሳይከፍል ቀረ» ተብሎ ጎማው ላይ ሰንሰለት ታስሮበታል። እሁድ እሁድ ደግሞ ባዶነት ጨርሶ አይሸጥም። እሁድ ባዶ የተገኘ መኪና ይጎተታል። ወዴት እንደሚጎተት የሚያውቁት የተጎተተባቸው ብቻ ናቸው፤ እነሱም መናገር አይወዱም።

መጀመሪያ ላይ ሰዉ ራሱ ነድቶ ራሱ ይቀመጥ ነበር። ሹመት ቤቱ ከለከለ፤ ነጂ እንደ ጎማ የመኪናው አካል ነውና ትንፋሹ አይቆጠርም ተባለ። ቀጥሎ ሰዉ ሥራ ፈት እየቀጠረ ማስቀመጥ ጀመረ። ይኸም ተከለከለ፤ ተቀማጩ የባለመኪናው ዘመድ ይሁን፣ ዘመድነቱንም የባለመኪናውን አባትና አያት ስም ጠርቶ ያስረዳ ተባለ። ቅጥረኞቹ ሁለቱን ስም ሸመደዱት። ስለዚህ ካለፈው ክረምት ወዲህ ቅድመ አያት ተጨመረ። ይህን ቅድመ አያት ልብ በሉልኝ።

ይኸን የሚያጣሩት መስታወት ያዦች ናቸው። ስማቸው ይህ የሆነው፣ ሰዉ ትራስ አቁሞ ባርኔጣ እየደፋበት ስላስቸገረ፣ ተቀማጩ አፍ ላይ ትንሽ መስታወት ስለሚይዙ ነው። መስታወቱ ከደበዘዘ ትንፋሽ አለ፤ ካልደበዘዘ ጎታች ይጠራል። እንግዲህ ያን ዕለት እኔም የሚስቴ ቤተሰብ ክርስትና ሊበላ ሲገባ ተራው ደርሶኝ መስታወት ላይ ስተነፍስ ነው የዋልኩት።

ዘርጋው ፍራሽ ሰፊ ነው። አባትና እናቱ የሞቱት ታናሽ ወንድሙ ስንሻው ገና አፉን ሳይፈታ ነበርና፣ አባትም እናትም ሆኖ ያሳደገው እሱ ነው። ራሱ ሚስት አላገባም። «መጀመሪያ እሱን ላቁም» እያለ ዕድሜው ሄደ። ስንሻው ትርንጎ የምትባል ልጅ ወደደ፤ ትርንጎም ወደደችው። አባቷ አቶ ልሳኑ ቃላቸውን የማያጥፉ፣ ሥርዓት የሚወዱ ሰው ናቸው። ልጃቸው እግራቸው ላይ ወድቃ ስለለመነቻቸው እንዲህ አሉ፦ «እሁድ ከቀትር በፊት ሦስት ሽማግሌ ይግባና ይጠይቀኝ። ከቀትር በኋላ የሌላ ቤት ሽማግሌዎች ቀጠሮ አላቸው፤ ቀድሞ በወግ ለጠየቀኝ እሺ እላለሁ። ሁለት ሰው ግን እንዳትልኩብኝ። ሁለት ሰው ምስክር ነው እንጂ ሽማግሌ አይደለም።»

ዘርጋው ሽማግሌዎቹን በታክሲ መላክ ይችል ነበር። እኔ ብሆን እንዲያ አደርግ ነበር፤ ደግሞም በኋላ ነግሬዋለሁ። እሱ ግን «ያለ አባት ያደገ ልጅ ሽማግሌው እንኳ የሚጫንበት የለውም እንዳይሉት» ብሎ፣ ፍራሽ የሚያመላልስባትን ሰማያዊ አሮጌ መኪናውን ሌሊቱን አጥቦ አደረ። ይሉኝታ የማያሳጥበው ነገር የለም።

ጠዋት ያቺ ሰማያዊ መኪና በፊቴ ደጋግማ ስታልፍ አየኋት። ውስጧ ነጭ በነጭ የለበሱ ሦስት ሽማግሌዎች ተቀምጠዋል። መጀመሪያ ሲያልፉ ይሳሳቁ ነበር። በኋላ ዝም አሉ። ከዚያ አንደኛው ዐይናቸውን ጨፍነው ከንፈራቸውን ሲያንቀሳቅሱ አየሁና ጸሎት መሆኑ ገባኝ። ቆይቶ ከፊቴ በቆመችው መኪና የተቀመጡት አሮጊት ድንገት ታመሙና ቤተሰባቸው ወደ ሐኪም ይዟቸው ሄደ። በከተማችን የአንዱ ሕመም ለሌላው ቦታ ነው። ዘርጋው ገባባት። ፊቱ ላይ ያየሁትን ደስታ ሙሽራም ላይ አላየሁም።

ከሽማግሌዎቹ አንዱ፣ አቶ እንግዳሸት፣ «ነገርን ከሥሩ ውሃን ከጥሩ» የሚሉ ሰው ናቸውና ወርደው ምሰሶውን ማንበብ ጀመሩ። በከተማችን በየምሰሶው ከላይ እስከ ታች ሰሌዳ ተደርድሯል። የላይኛው «ማቆም ይፈቀዳል» ይላል። ሁለተኛው «ከዚህ በታች ከተመለከተው በቀር» ይላል። ከዚያ በታች ስለ በዓላት፣ ስለ ዝናብ፣ ወደ ግራ ስለዞረ ጎማ፣ ስለ መንታ ልጆች ይናገራል። አቶ እንግዳሸት እያነበቡ ጎንበስ፣ ጎንበስ ሲሉ ቆይተው በመጨረሻ ጋቢያቸው አቧራ ላይ ተዘርግቶ ተንበረከኩ። የመጨረሻው ሰሌዳ «ለትርጉሙ የላይኛውን ይመልከቱ» ይላል።

እንደተንበረከኩ ቀና አሉና «ልጄ፣ ተፈቅዶልናል» አሉ። ትንሽ አሰቡና ደግሞ «ተከልክለናልም» አሉ።

በዚህ መሃል የመንገዳችን መስታወት ያዥ ወይዘሮ አጸደ ደረሰች። ክፉ ሴት አይደለችም፤ የሚያናድደውም ይኸው ነው። ክፉ ብትሆን ተሳድቦ መገላገል ነበር።

«ማን ነው የሚቀመጠው?» አለች።

«እኔ እቀመጣለሁ» አለ ዘርጋው።

«የነዳኸው አንተ አይደለህም እንዴ?»

«ነኝ።»

«እንግዲያው አንተ ጎማ ነህ፣ ወንድሜ» አለችው፣ በለሰለሰ ድምፅ። «ከእነዚህ ከአባቶች አንዱ ይቅሩ። ማዶውን አይቼ እመለሳለሁ። ስመለስ ባዶ ካገኘሁት ግን ይጎተታል፤ እሁድ ነው።»

ጋሽ ደምስ፣ ከሦስቱ ታላቁ፣ ጉልበታቸውን እያሹ «እኔ ልቅር። ደረጃም አልወድ» አሉ።

«ምን ሲደረግ!» አሉ አቶ እንግዳሸት። «ታላቃችን መንገድ ላይ ቀርተው ማን አፉን ሊከፍት ነው? እኔ ነኝ የምቀረው።»

«የለም፣ የለም» አሉ ሦስተኛው፣ አቶ ፈለቀ። «ትንሹ እኔ አይደለሁ? ለእኔ ነው የሚገባው።»

«እንዴት ሆኖ! እርስዎን ጥለን ገብተን ምንጣፍ ላይ ልንቀመጥ?»

«በሞቴ!»

«እኔ ልሙት!»

«እንዲያውም እኔ ከገባሁ ይኸው መሬት ትዋጠኝ!»

ጥላው ከእግረኛው መንገድ ለቆ እስኪወርድ ድረስ እንዲህ ተባባሉ። ዘርጋው አንዴ የአንዱን፣ አንዴ የሌላውን አፍ ያያል። ታላላቆቹ ናቸውና አቋርጦ መናገር ነውር ሆነበት። በመጨረሻ «አባቶቼ፣ ማንም ቢቀር እኮ ሁለት ትሆናላችሁ። አቶ ልሳኑ ሁለት ሰው አልቀበልም ብለዋል» አለ።

 ይኸን አንዳቸውም አላሰቡትም ነበር። እያንዳንዳቸው ያሰቡት ቀድሞ የገባ እንዳይባሉ ብቻ ነው።

«ታዲያ ይኸን ቀደም ብለህ አትነግረንም?» አሉ አቶ እንግዳሸት ተቆጥተው።

ዘርጋው ወደ እኔ መስኮት መጣ። ምን ሊጠይቀኝ እንደሆነ ገብቶኛልና ዐይኔን ሰበርኩ። «የሚስቴ እህት መኪና ነው፤ ብወርድ ይጎተታል» አልኩት። አልፈረደብኝም። የሚያልፍ አንድ ሰው ያዘ፤ ደልደል ያለ፣ ዱላ የያዘ፣ የማይቸኩል ሰው።

«ወንድሜ፣ እባክህ ለጥቂት ጊዜ መኪናዬ ውስጥ ተቀመጥልኝ።»

«ምን አለበት፣ እቀመጣለሁ።»

«የአባቴን፣ የአያቴንና የቅድመ አያቴን ስም አስጠናሃለሁ። የኔ ናቸው ብለህ ትጠራለህ።»

የሰውየው ፊት ተለዋወጠ። «የእኔ አያት ምን ሆነና ነው የሰው አያት የምጠራው? ሌባ ነበር? አስለቃሽ ነበር?» አለና ዱላውን እየወዘወዘ ሄደ። እስከ መንገዱ መጨረሻ ድረስ እየዞረ ይገላምጠው ነበር።

ዘርጋው ወደ ላይ አየ። የአቶ ልሳኑ ቤት ሰገነት ልክ ከበላዩ ነው። አቶ ልሳኑ ወጥተው ፀሐይቱን አዩ፣ ወደ መንገዱ አዩ፣ አንገታቸውን ነቅንቀው ገቡ። ከመጋረጃው ኋላ የምታየው ትርንጎ እንደነበረች ዘርጋው ምሎ ነግሮኛል። «የዛን ጊዜ መኪናዋን በድንጋይ ብሰባብራት ደስ ይለኝ ነበር» አለኝ። «ግን የተሰባበረም መኪና ባዶ ከሆነ ይጎተታል።»

ያኔ በሩ ተከፈተና የአቶ ልሳኑ ታላቅ እህት እትዬ የሺመቤት ነጠላቸውን እያጣፉ ወጡ።

«ኧረ ምን ጉድ ነው! ሽማግሌ ደጅ ላይ ሲገተር ይዋላል? በሉ ግቡ፣ እኔ እቀመጥላችኋለሁ።»

«እትዬ፣ ስም መጥራት አለበት» አለ ዘርጋው።

«ስም መጥራት ምን ይከብዳል? ሙታን አይቆጡኝ። በል፣ እያልክ አስብለኝ።»

ገብተው ተቀመጡ። ወይዘሮ አጸደም መስታወቷን ይዛ ተመልሳ መጣች። ዘርጋው ጎንበስ ብሎ በሹክሹክታ ያስጠናቸው ጀመር።

«ዘርጋው ጓዴ።»

«ዘርጋው ጓዴ» አሉ እትዬ የሺመቤት።

«ጓዴ ይመር።»

«ጓዴ ይመር።»

«ይመር ወልዱ።»

እትዬ የሺመቤት አልደገሙም። «ወልዱ የማነው?» አሉ።

«ሦስት ብቻ ነው የሚጠይቁት እትዬ። ከዚያ በላይ አያስፈልግም።»

«እኔን ያስፈልገኛል። የት ያለው ወልዱ? ወንዙ ዳር ወፍጮ የነበረው?»

ዘርጋው ግራ ገባው። ሦስተኛውን ስም እንኳ ያወቀው ሕጉ ሲጨመር፣ የአባቱን ጓደኛ ጠይቆ ነው። «ወፍጮ ነበረው ይላሉ። አያቴ በልጅነቱ ተጣልቶት ወጥቶ ቀረ አሉ።»

«በምን ተጣሉ?»

«በበቅሎ ነው ይላሉ።»

«ቡላዋ በቅሎ!» ብለው ጭናቸውን መቱ። «ቡላዋን በቅሎ ለታናሹ ሰጡበትና አኩርፎ ወጣ! ታናሹ ረታ ነው። ረታ ደግሞ አባቴ ነው! አባቴ እስኪሞት ድረስ በር በተንኳኳ ቁጥር ‹ይመር ይሆን እንዴ?› ሲል ኖረ እኮ! ልጄ፣ አንተ የይመር የልጅ ልጅ ነህ!»

ከመኪናው ወርደው አንገቱ ላይ ተጠመጠሙ። ወይዘሮ አጸደ መኪናው ባዶ ሆነ ለማለት አፏን ከፍታ ተወችው። ይኸንንም ውለታ እቆጥርላታለሁ። ሽማግሌዎቹ በጋቢያቸው ጫፍ ዐይናቸውን ጠረጉ። እኔም የሰው መኪና ውስጥ ተቀምጬ አለቀስኩ፤ ሞኝ ነኝ። ዘርጋው ከስንሻው በቀር በዓለም ላይ የሥጋ ዘመድ አልነበረውም። አሁን መንገድ ዳር፣ በደወል ጎዳና፣ አክስት አገኘ።

እትዬ የሺመቤት ተመልሰው ተቀመጡ። መስታወቱ ደበዘዘ። ሦስቱንም ስም፣ አሁን እያለቀሱ፣ ጠሩ። ወይዘሮ አጸደ በጠመኔ በመኪናው የፊት መስታወት ላይ በትልቁ «ዘመድ» ብላ ጻፈች።

«ይኸን ሥራ ከያዝኩ እንዲህ ያለ ንጹሕ ዝምድና አይቼ አላውቅም» አለች።

ቀትር ሊሆን ጥቂት ቀርቶታል። ሦስቱ ሽማግሌዎች ጋቢያቸውን አስተካክለው ወደ ደረጃው ሄዱ። ጋሽ ደምስ ከሁሉም ኋላ ቀሩ። እኔ ጉልበታቸው መስሎኝ ነበር። በኋላ ሳስታውሰው ግን ደረጃው ላይ ቆመው አውራ ጣታቸውን በሌሎቹ ጣቶች ላይ እያሳለፉ ነበር።

ዘርጋው መኪናው ላይ ተደግፎ ከአክስቱ ጋር ወሬ ጀመረ። በሕይወቱ ለመጀመሪያ ጊዜ በዚያች ከተማ ሕጋዊ ሆኖ የቆመበት ሰዓት ነው።

«ወንድም እህት አለህ?» አሉት፤ እሳቸው የሽማግሌዎቹ ነጂ ብቻ መስሏቸው ነበር።

«አንድ ወንድም አለኝ። ስንሻው። እሱ እኮ ነው ሙሽራው! ትርንጎን የሚያገባው!»

«ውይ የኔ ጌታ! ታዲያ እኮ ትርንጎ ለእሱ እህቱ...» ብለው በደስታ ጀመሩና እጃቸው አፋቸው ላይ ቀረ።

በአገራችን እስከ ሰባት ቤት ዘመድ የሆነ አይጋባም። ሕጉ የአያት የቅድመ አያት ነው፤ የሻረው የለም። መቁጠሩ ግን ከከተማው ከጠፋ ቆይቷል። ሠርግ ሲሆን ሰዉ «ዘሩ ከማን ነው?» ማለቱን ትቶ «ግቢው መኪና ያስገባል?» ብቻ ነበር የሚጠይቀው። ያልተቆጠረ አይከለክልም ብለን በሰላም ስንጋባ ኖረናል። ቆጠራውን ወደ ከተማችን የመለሰው የማቆሚያ ሹመት ቤት ነው። ስንሻውና ትርንጎ ደግሞ ሲቆጠሩ ገና ሦስት ቤት ናቸው። ሕጉ እንዳምናው በሁለት ስም ቢያበቃ ኖሮ፣ «ጓዴ ይመር» ተብሎ ተዘግቶ፣ ዛሬ ልጅ ወልደው ነበር። ይኸን ሳስብ ምሳዬ አይወርድልኝም።

ዘርጋው ደረጃውን እየዘለለ ወጣ። የልጁ ወንድም በሽምግልና ቤት አይገባም፤ እሱ ግን ገባ። ሽማግሌዎቹ እንደ ወጉ ቆመው ነበር፤ አቶ እንግዳሸት «ልጅዎን ለልጃችን» ብለው ጨርሰዋል። አቶ ልሳኑ ሰገነቱ አጠገብ ናቸው።

«ቃሌን ልሰጥ ነው» አሉ። «ከመስጠቴ በፊት አንድ ነገር ልጠይቅ። መኪናችሁ ውስጥ የተቀመጠችው እህቴ ናት። መኪናው ላይ ደግሞ ዘመድ ተብሎ ተጽፏል። ነገሩ እንዴት ነው?»

ሽማግሌዎቹ መሬት መሬት አዩ።

«እሱ ለመኪናው ነው፣ ጋሼ» አለ ዘርጋው ከበሩ።

«ለመኪናው ማለት ምን ማለት ነው? ውሸት ነው ማለት ነው? ልጄን ልትጠይቁ መጥታችሁ በደጄ ላይ እህቴን ውሸት አስተማራችኋት?»

ዘርጋው ላብ አጠመቀው። ውሸት ነው ካለ ለውሸታም ቤት ልጅ አይሰጥም። እውነት ነው ካለ ዘመድ ለዘመድ አይሰጥም። የቱም ቢሆን ወንድሙ ቤት ተቀምጦ የሚጠብቀው መልስ አንድ ነው። ከሁለቱ ግን ውሸታም መባሉ ይሻላል አለ በልቡ፤ ውሸታም ይቅርታ ይጠይቃል፣ ዘመድ ግን ምን ብሎ ይቅርታ ይጠይቃል? አፉን ከፈተ።

«ዘርጋው አልዋሸም» አሉ ጋሽ ደምስ። ድምፃቸው እንደ ታመመ ሰው ሆኗል። «እስከ ዛሬ ዋሽቼ አላውቅም፣ ዛሬ ብዋሽ በወደድኩ። የይመር የልጅ ልጅ ነው። የአባትዎ ወንድም የይመር። ደረጃው ላይ ቆጥሬዋለሁ። ሁለቴ ቆጥሬዋለሁ።»

አቶ ልሳኑ ወንበር ፈልገው ተቀመጡ። ከጓዳ አንድ ነገር ወድቆ ተሰበረ። ከዚያ አቶ ልሳኑ ብድግ ብለው መጡና ዘርጋውን አቀፉት። የአባታቸውን ወንድም ስም እየጠሩ ጉንጩን ሳሙት። እየሳሙት ልጃቸውን ከለከሉት።

«ባልሰማ ኖሮ ባላወቅሁ» አሉት። «አሁን ግን ሰማሁ። መንገዱም ሁሉ አንብቦታል።»

ከሰዓት በኋላ የሌላው ቤት ሽማግሌዎች መጡ። በእግራቸው መጡ። ከሁለት መንገድ ማዶ ነው የመጡት፤ ሦስቱም ገቡ፤ ላብ እንኳ አልነበራቸውም።

ዘርጋው ወርዶ ወይዘሮ አጸደ ፊት ቆመ። «አምና እኮ ሁለት ስም ብቻ ነበር!» ብሎ ጮኸባት። መንገዱ ሁሉ ዞሮ አየው። «ሦስተኛው ስም ምን አደረገላችሁ? ለማን ጠቀመ?»

«አምና ሕጉ ልቅ ነበር» አለች ረጋ ብላ። «ያታልሉን ነበር። ደግሞ ምን ያስቆጣሃል? አንተ እኮ አልተቀጣህም።»

እውነቷን ነው። አልተቀጣም። ያን ቀን ከደወል ጎዳና ምንም ሳይከፍል ወጣ።

ሠርጉ ከጾሙ በኋላ ሆነ። ትርንጎ ላላየችው፣ ላልጠላችው፣ ላልወደደችውም ሰው ተዳረች። የሚስቴ እህት ተጠርታ ነበርና እኔም እንደ ልማዴ አዳራሹ በር ላይ መኪናዋ ውስጥ ተቀመጥኩ። ከፊቴ በአበባ ያጌጠችው የሙሽሮቹ መኪና ቆማለች፤ የአቶ ልሳኑ መኪና ናት። እሁድ ነው፤ ውስጧ የሚተነፍስ፣ ያልነዳ፣ የባለቤቱ ዘመድ የሆነ ሰው ያስፈልጋታል። ዘመድ ሞልቶ ነበር፤ ግን ሁሉም መጨፈር ፈልጓል። ከበሮው እስከ መንገዱ ይሰማል።

የተቀመጠውን ሰው መጀመሪያ አላወቅሁትም ነበር። ዘርጋው በእግሩ መጥቶ መስኮቱን ሲይዝ ነው ያወቅሁት። ዘርጋው መኪናዋን ሸጧል፤ ፍራሹን አሁን በሸክም ያደርሳል።

«ስንሻው፣ ውረድ» አለው። «ማን ነው ተቀመጥ ያለህ?»

«ማንም። እኔው ነኝ እቀመጣለሁ ያልኩት።»

«ውረድ አልኩህ። ሌላ ዘመድ ይቀመጥ።»

«ሌላው ሁሉ እየጨፈረ ነው፣ ጋሼ። እኔ መጨፈር አልችልም። ደግሞ ባዶ ካገኟት ይጎትቷታል። ትርንጎ ስትወጣ በእግሯ እንድትሄድ ትፈልጋለህ?»

ዘርጋው እጁን ከመስኮቱ ሳያነሳ ቆመ። ወይዘሮ አጸደ ከኋላ እያጣራች መጣች። መስታወቷን ወደ ስንሻው አፍ አስጠጋችው። ለረጅም ጊዜ ምንም አልታየበትም፤ እኔ እንኳ ትንፋሼን ይዤ ነበር። ከዚያ ደበዘዘ።

«የማን ነህ?» አለችው።

«የሙሽራዋ ወንድም ነኝ» አለ ስንሻው። «ልሳኑ ረታ፣ ረታ ወልዱ፣ ወልዱ ጠብቄ።»

«ጎበዝ» አለች ወይዘሮ አጸደ። አበባው መሃል ቦታ ፈልጋ በጠመኔዋ «ዘመድ» ብላ ጻፈችና ወደ እኔ መኪና መጣች።